ከታክሲ ከወረድን በኋላ ያለችው መንገድ



ዛሬ ስለ ኪኒን አላወራም፤ ስለ መንገድ ነው። "ዶክተር፣ መንገድና ጤናን ምን አገናኛቸው?" ትሉ ይሆናል። የክትትል ታካሚ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ሲመጣ "ለምን ቀሩ?" ብዬ እጠይቃለሁ። "ረሳሁት" የሚለኝ ጥቂት ነው። ብዙው "መመላለሱ ከበደኝ" ይላል። ትንሽ ጠለቅ ብዬ ስጠይቅ ግን የከበደው ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሆኖ አይገኝም። እሱን ሚኒባሱ በሐረጎ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብሎ ይጨርሰዋል። የከበደው ከቤት እስከ አስፋልት፣ ከዚያ ደግሞ ከታክሲ መውረጃ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለው ነው። በእግር እንዳይሄዱት ጉልበት የለም። በባጃጅ እንዳይሄዱት "ኮንትራት ነው" ይባላሉ፤ የኮንትራቱ ሂሳብ ደግሞ አንዳንዴ ከኮምቦልቻ ደሴ ከከፈሉት ይበልጣል።

የትራንስፖርት ባለሙያዎች ይህችን ቁራጭ መንገድ "የመጀመሪያውና የመጨረሻው ማይል" ይሏታል። እኛ ጋ ስም የላትም። ጉዞ ስንል ሚኒባሱን ብቻ እንቆጥራለን፤ ታሪፍ የሚወጣለትም፣ ሰልፍ የሚያዝለትም እሱ ነው። እኔ ግን በሥራዬ ሰው ሲጎዳም ሲድንም በብዛት የማየው በሁለቱ ጫፎች ነው።

ከእናቶች ልጀምር። በእናቶች ጤና ላይ የሚሠራ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጽሑፍ አለ። ሰሪን ታዴየስ እና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው፤ ርዕሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ "በእግር ለመሄድ የራቀ" እንደማለት ነው። ነፍሰ ጡር እናት የምትሞተው በሦስት መዘግየቶች ነው ይላሉ፦ ወደ ሕክምና ልሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት፣ ከወሰኑ በኋላ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ሁለተኛውን ሁላችንም የገጠር ችግር ብቻ አድርገን እናስበዋለን። ደሴን የሚያውቅ ግን ነገሩ ይገባዋል። ከጦሳ ሥር ዳገትና ቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ባጃጅ እንኳ የማይገባበት ቀጭን መንገድ ውስጥ ስንት ቤት አለ! ሆስፒታሉ ከመስኮት እየታየ ምጥ የያዛትን ሴት አስፋልት ለማድረስ ብቻ ጎረቤት መሰብሰብ ያስፈልጋል። ያውም ሌሊት ከሆነ፣ ክረምት ከሆነ፣ ጭቃ ከሆነ።

ስለዚህ እርጉዝ የሆናችሁ እህቶቼ፣ የቅድመ ወሊድ ክትትል ስትመጡ "የወሊድ ዝግጁነት" ብለን የምንጠይቃችሁን ነገር እንደ ፎርም መሙያ አትዩት። የምንለው ይኼው ነው፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ምጥ ቢመጣ ከቤት እስከ አስፋልት በማን ትከሻ? ከአስፋልት በምን? የሰፈራችሁን ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች ስልክ ያዙ፤ አንዱ ባያነሳ ሌላው ያነሳል። ሌሊት የሚሠራና ቤታችሁን የሚያውቅ ይሁን። ቀድማችሁ አናግሩት፣ "አብሽሪ፣ በፈለግሽኝ ሰዓት ደውይ" የሚል ሰው አይጠፋም፤ የወሎ ሰው ለምጥ አይጨክንም። ያለበለዚያ የጤና ጣቢያችሁን የአምቡላንስ ቁጥር ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ለወላድ አገልግሎቱ ነጻ ነው። ቁጥሩ ደግሞ በእናንተ ስልክ ብቻ ሳይሆን በባላችሁም በጎረቤታችሁም ስልክ ይኑር። ደም ከፈሰሳችሁ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ ከመጣ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ "እስኪነጋ ልታገስ" አይባልም። የመጀመሪያው ማይል ሩቅ በሆነ ቁጥር ቀድሞ መነሳት ነው። ቤታችሁ በጣም ወጣ ያለ ከሆነና ቀናችሁ ከደረሰ ስለ እናቶች ማቆያ ጤና ጣቢያችሁን ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ወደ መልካሙ ዜና። ይህችው የምናማርራት ቁራጭ መንገድ ለብዙዎቻችን በነጻ የተሰጠች መድኃኒት ናት። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ሒሳቡን እዩት፦ ስትሄዱ 15 ደቂቃ፣ ስትመለሱ 15 ደቂቃ በእግር ብትሉ፣ በሳምንት 5 ቀን 150 ደቂቃ ሞላ። ጂም የለም፣ ክፍያ የለም። ድሮ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቀጠለ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ይህንን አንስቶታል፣ 5 ደቂቃም ትቆጠራለች። "መካከለኛ" ሲባል ደግሞ እየተራመዳችሁ ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ፍጥነት ነው። ቢሮ ውላችሁ የምትገቡ ሰዎች፣ ከቤታችሁ በር ላይ ባጃጅ ይዛችሁ መሥሪያ ቤት በር ላይ የምትወርዱ ከሆነ፣ ከቀናችሁ ውስጥ በእግር የሄዳችሁበትን ደቂቃ እስኪ ቁጠሩት። አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ሁሉም ከዚህ ይጠቀማሉ።

ግን አንድ ነገር አለ። ዳገት ለጤነኛ መድኃኒት ነው፣ ለታመመ ደግሞ ምርመራ ነው። በትልልቅ ሆስፒታሎች የልብ ሕመም የተጠረጠረን ሰው በሚንቀሳቀስ መርገጫ ማሽን ላይ እያስኬዱ ይመረምራሉ። እናንተ ማሽኑ ሰፈራችሁ ውስጥ አለ። እኔ ታካሚ ሳናግር "ድካም አለ?" ብዬ ብቻ አልተውም፤ ሁሉም "አዎ ይደክመኛል" ይላላ! "ከአስፋልት ወደ ቤት ሲወጡ ስንቴ ያርፋሉ?" እላለሁ። "አምና ሳላርፍ እወጣው ነበር፣ ዘንድሮ እመስጊዱ ጋ አንዴ፣ እሱቁ ጋ አንዴ አርፋለሁ" ካሉኝ፣ ይህ ለእኔ ከብዙ ቃል ይበልጥብኛል። መንገዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ልባቸው ወይም ሳንባቸው ወይም ደማቸው ነው። ደም ማነስ፣ የልብ ድካም፣ የቆየ የሳንባ ሕመም ሁሉም ቀድመው የሚታዩት ዳገት ላይ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ፤ ሳንባው ወይም ልቡ ቀድሞ የደከመ ሰው "ኮምቦልቻ ደህና ነበርኩ፣ ደሴ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ" ቢል ቅዠት አይደለም።

ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨመድድ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ስትቆሙ የሚተው ሕመም ካለ "ብርድ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ቶሎ ኑ፤ እስክትታዩም ድረስ ዳገቱን በባጃጅ። ቆማችሁም ካልተወ፣ ላብ ላብ ካላችሁ፣ ያን ጊዜ ቀጠሮ የለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ባትህ (የእግርህ ሥጋ) በተወሰነ ርቀት እየያዘህ ስትቆም የሚለቅህ፣ በተለይ አጫሽ ወይም የስኳር ታካሚ ከሆንክ፣ የእግር ደም ሥር መጥበብ ሊሆን ይችላል። ጉልበት የሚያማቸው እናቶች ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ እንደሚብስባቸው ይነግሩኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ቁልቁለት ጉልበት ላይ ያለውን ጫና ይጨምራል። ወጣቶች፣ ለእናታችሁ ከዘራ መግዛት ነውር አይደለም፤ ሕመሙ ካለበት ጉልበት በተቃራኒው እጅ ትያዘው።

የስኳር ታካሚዎች ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በቀጠሮ ቀን መንገድ ላይ የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። "ጾማችሁን ኑ፣ የስኳር ምርመራ አለ" ተብለዋል። ጠዋት እንደ ልማዳቸው ግሊቤንክላሚዳቸውን ውጠዋል ወይም ኢንሱሊናቸውን ተወግተዋል። ምንም አልበሉም። ከቤት እስከ አስፋልት በእግር፣ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ ኮንትራት ላለመክፈል እንደገና በእግር። ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ሲደርሱ ላብ ያሰምጣቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይምታታል። ስኳር ወርዷል። በጾም ለሚሠራ ምርመራ ስትመጡ የጠዋቱን የስኳር መድኃኒት ቤት አትውሰዱ፤ ይዛችሁ ኑ፣ ደም ከሰጣችሁ በኋላ ከቁርስ ጋር ውሰዱ። ማታ የምትወጉት ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ከሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ኪሳችሁ ውስጥ ቴምር ወይም ስኳር ይኑር። ምልክቱ ከመጣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም። የምርመራው ጾም ይፍረስ፣ ምርመራው ነገም አለ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ተሸክሞ ወደ ሕክምና ነው። ጫማም እንዲሁ፦ ኮብልስቶን ላይ በቀጭን ነጠላ ጫማ መሄድ ስሜቱ ለደነዘዘ እግር ጠላት ነው። ማታ ስትገቡ እግራችሁን በብርሃን እዩት፣ ከሥርም ከጣት መሃልም።

የግፊት ታካሚዎችስ? ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ብዙዎቻችሁ በመንገድ ቀን የምታሸናዋን ኪኒን ትዘላላችሁ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ሚኒባስ ውስጥ ሽንት ቢመጣ የት ይኬዳል? መናኸሪያ ያለው ሽንት ቤትም ሁሌ የሚገባበት አይደለም። ግን ለእኛ ሳትነግሩን ስትቀሩ "መድኃኒቱ አልሠራም" ብለን ሌላ እንጨምርላችኋለን። ንገሩን፣ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ ከተመለሳችሁ በኋላ ልትውጧት ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ ገና እያለከለካችሁ የተለካ ግፊት የእናንተ ግፊት አይደለም፣ የዳገቱ ነው። ቢያንስ 5 ደቂቃ ጀርባችሁን ደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ሽንታችሁን ሽኑ፣ ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ ይቅር። ነርሷ ከቸኮለች "እህቴ፣ አሁን ነው ዳገት የወጣሁት፣ ትንሽ ልረፍ" በሏት።

ስለ አደጋም ሳልናገር አላልፍም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፣ ከእነዚህ ውስጥ 23 በመቶው እግረኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በመንገድ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ኮምቦልቻ ልዩ የሚያደርጋት ነገር አለ፦ ዋናው መንገዳችን የከተማ መንገድ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣ ብዙ መኪና በመካከላችን ያልፋል፣ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደውም ከእኛው ይገነጠላል፣ ደረቅ ወደቡም እዚሁ ነው። ከሚኒባስ የሚወርድ ሰው የሚወርደው ተሳቢ በሚያልፍበት አስፋልት ዳር ነው። አንድ እግረኛ የሚመታው መኪና ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨምር የመሞት ዕድሉ 4.5 እጥፍ ያድጋል። ከታክሲ ስትወርዱ በታክሲው ፊት ለፊት አትሻገሩ። ታክሲው ይሂድ፣ መንገዱ ይገለጥ፣ ከዚያ ተሻገሩ። የምትቆጥቡት ግማሽ ደቂቃ ነው። ልጅ ከያዛችሁ በእጅ አንጓው ያዙት፣ በጣቱ አይደለም፤ ጣት ያመልጣል።

ባጃጅ ላይ ስትቀመጡ ደግሞ ከሹፌሩ ጎን አትቀመጡ፣ እሱ መቀመጫ አይደለም። ልጅ በመሃል ይቀመጥ። ሴቶች እህቶቼ፣ ነጠላችሁን፣ ሻሻችሁን፣ የሒጃባችሁን ጫፍ ወደ ውስጥ ሰብስቡ። ባንግላዴሽ ውስጥ በባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ሲሄዱ ሻሻቸው በሚሽከረከረው አካል ተጠምጥሞ የአንገት አከርካሪያቸው የተጎዳ ሴቶች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል፤ ከአንገት በታች ሽባ የሆኑ አሉ። የእኛም ልብስ ረጅም ነው፣ የእኛም ባጃጅ ጎኑ ክፍት ነው። ሌላው፦ በአደጋ አንገቱ ወይም ወገቡ የተመታን ሰው አጥፎ ባጃጅ ውስጥ መክተት ደግነት ቢመስልም ያልተጎዳውን ሕብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል። የሚተነፍስ ከሆነና ቦታው አደገኛ ካልሆነ አምቡላንስ ጠብቁ፤ ከሌለ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ በሚያስተኛ መኪና።

ከባዱን ርዕስ ወደዚህ አመጣሁት። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ከድሮዎቹ ፋብሪካዎች ጋር ተጨምሮ፣ በፈረቃ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች በከተማችን በርክተዋል። ሰርቪስ ያለው በሰርቪስ ይመጣል። ሰርቪሱ ግን አስፋልት ላይ ነው የሚያወርደው። ከዚያ በኋላ ያለው መብራት የሌለው ቅያስ የማንም ኃላፊነት አይደለም። አብራችሁ የምትወርዱ ጓደኞች ተጠባበቁ፣ ሩቅ የምትገባዋን ሸኙ፣ "ገባሁ" የሚል መልእክት ይላላክ። አሠሪዎች የምታነቡ ካላችሁ፣ ሰርቪሱ 300 ሜትር ገባ ብሎ ቢያወርድ የሚጨምረው ነዳጅ ብዙ አይደለም።

አይበለውና አንዲት ሴት ብትደፈር፣ ይህንን አንብባችሁ ለምታውቋት ሁሉ ንገሩ፦ ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም አለ፤ እሱም በቶሎ፣ ቢዘገይ እስከ 5 ቀን። ከተቻለ ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር ትምጣ፤ ታጥባም ቀይራም ከሆነ ግን ትምጣ፣ ሕክምናው አይቀርባትም። ፖሊስ ጋ ሳልሄድ አልታከምም ብላ ሰዓቱ እንዳያልፍባት፤ ሕክምናው ይቀድማል። ማንም "ለምን በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ሄድሽ?" የማለት መብት የለውም። ከሥራ ወደ ቤቷ ነው የሄደችው።

ይህ ሁሉ በእኛ ጥንቃቄ ብቻ እንደማይፈታ አውቃለሁ። አዲስ አበባ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ስትጀምር 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው የመንገዱ መሃል ላይ ናቸው፣ ተሳፋሪው ለመሳፈርም ለመውረድም መኪና መሃል ይሻገራል። ባቡሩ ታሰበ፣ እግሩ ተረሳ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ያወጣው ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኛና ለብስክሌት ቅድሚያ ይሰጣል፣ በወረቀት። ለኛም ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋ ሐዲድ አለን፤ ባቡሩ መንገደኛ የሚያመላልስ ቀን ከጣቢያው እስከ ሰፈር በምን እንሂድ የሚለው ዛሬ ቢታሰብ ይሻላል። እኔ እንደ ሐኪም ለከተማ አስተዳደሮቻችን አንድ ነገር ብቻ አስመርጡኝ ብባል፣ የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ በር ላይ ፌርማታ፣ አግዳሚ ወንበርና ሜዳ የሆነ የእግረኛ መንገድ ነው የምለው። ዊልቸር ያለው ሰው ሦስት ደረጃ ያለው የእግረኛ መንገድ ምን ያደርግለታል?

እስከዚያው መንገዱን ማሳጠር ባንችል ጉዞውን ማሳነስ እንችላለን። የኤችአይቪ ሕክምና ላይ ይህ ተሠርቷል፦ አገራችን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁኔታቸው ለተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ጀመረች። በየወሩ ይመላለስ የነበረ ሰው በዓመት ሁለቴ መጣ። የግፊትና የስኳር ታካሚዎችም፣ ውጤታችሁ ከተስተካከለ፣ "የ2 ወይም የ3 ወር መድኃኒት ይቻላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ሰፈሬ ያለው ጤና ጣቢያ ክትትሌን መቀጠል እችላለሁ ወይ?" በሉ። ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ሪፈር ወረቀት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቀጠሮ ሲጻፍላችሁም ዝም ብላችሁ ካርዱን አትቀበሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ለመድረስ በጨለማ የምትወጡ ከሆነ "ከሩቅ ነው የምመጣ፣ 4 ሰዓት አድርጉልኝ" በሉ። የላብራቶሪና የሐኪም ቀጠሯችሁ በተለያየ ቀን ከሆነ በአንድ ቀን እንዲሆን ጠይቁ። ከየት እንደምትመጡ፣ ከመውረጃው በእግር ይሁን በባጃጅ፣ ምን ያህል እንደምትከፍሉ ለሐኪማችሁ ንገሩት። እኛ ካርዱ ላይ የምናየው "ኮምቦልቻ፣ ቀበሌ ይህን ያህል" የሚለውን ብቻ ነው፤ ዳገቱ አይጻፍበትም።

ሰላም ዋሉ። ለእናቶቻችሁና ለአባቶቻችሁ አንብቡላቸው።